መያዣው የት አለ?

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

ባለፈው እሑድ ስለ ቅንጡ ጀልባዎች የውስጥ ዲዛይን ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ሁለቴ ነው ያነበብኩት። ፎቶዎቹንም አንድ በአንድ አየኋቸው። ነጩን የእብነ በረድ ደረጃ፣ ከጣሪያ የተንዠረገገውን የክሪስታል መብራት፣ በወርቅ የተለበጠውን የመታጠቢያ ቤት ቧንቧ፣ ሳሎኑ መሀል የተቀመጠውን ባለ ሹል ማዕዘን የመስታወት ጠረጴዛ። ፎቶዎቹ ያምራሉ። ጽሑፉም ይጥማል። ግን አንብቤ ስጨርስ ዝም ማለት አቃተኝ።

እኔ እንዲህ ባሉ ጀልባዎች ላይ 11 ዓመት ሠርቻለሁ። ሥራዬ የውስጥ ሥራ ነው። አልጋ አነጥፋለሁ፣ መስታወት እወለውላለሁ፣ ገበታ አሰናዳለሁ፣ ልብስ እተኩሳለሁ። የመጨረሻዎቹን 4 ዓመታት የውስጥ ሠራተኞች አለቃ ሆኜ ነው ያሳለፍኩት። በእነዚህ ዓመታት 4 ጀልባዎች ላይ ኖሬያለሁ። ስማቸውን አልጠራም። ስንቀጠር ምስጢር ልንጠብቅ ፈርመናል፤ ፊርማዬን አከብራለሁ። ዲዛይን አልተማርኩም። ነገር ግን ዲዛይነሮቹ የሣሉትን ሁሉ በእጄ ዳስሼዋለሁ። ግድግዳውን፣ እጀታውን፣ የመሳቢያውን ጀርባ፣ ሰው የማያየውን የአልጋውን ሥር ሳይቀር።

ጽሑፋችሁ ላይ የከነከነችኝ አንዲት አባባል ናት፤ «ውሃ ላይ ያለ ባለ 5 ኮከብ ሆቴል» የምትለዋ። ብዙ ሰው ይላታል። ጀልባ የሚሸጡትም ይሏታል። ሆቴል ግን በቆመበት ነው የሚኖረው። ጀልባ ትንቀጠቀጣለች፣ ትጋደላለች፣ ትነሣለች፣ ትወድቃለች። ወደብ ላይ ታስራ እንኳ ሌላ ጀልባ ባጠገቧ ሲያልፍ ትወዛወዛለች። ዛሬ ከሆዳቸው ሥር መወላወልን የሚቀንሱ የማረጋጊያ ክንፎች አሏቸው። ይቀንሳሉ እንጂ አያጠፉትም። ስለዚህ ሆቴል ውስጥ የሚያምር ነገር ሁሉ ባሕር ላይ አያምርም። አንዳንዱ እንዲያውም ሰው ይሰብራል። እኔን ሰብሮኛል።

አንድ ሌሊት ልንገራችሁ። ከአንድ ወደብ ወደ ሌላ እየተጓዝን ነበር። እንግዳ የለም፤ ሠራተኞች ብቻ ነን። ጀልባዋ 60 ሜትር ገደማ ትሆናለች። ሊነጋጋ ሲል የሆነ ነገር ሲንኳኳ ሰማሁ። የዋናው መኝታ ክፍል መሳቢያ ተከፍቶ ኖሯል፤ ባሕሩ ባነሣን ቁጥር ይወጣል፣ ይገባል። ልዘጋው ወጣሁ። ኮሪደሩ ረጅም ነው። ግድግዳው ከዳር እስከ ዳር ላኬር በሚባል አንጸባራቂ ነጭ ቀለም የተቀባ ነው፤ ፊትህን ያሳይሃል። አንድም የሚያዝ ነገር የለበትም። ዲዛይነሩ ንጹሕ መስመር ስለፈለገ ነው ተብለን ነበር። ጀልባዋ ወደ ግራ ጋደለች። እጄን ዘረጋሁ። መዳፌ ግድግዳው ላይ እንደ ሳሙና ተንሸራተተ። ኮሪደሩ ጫፍ ላይ የአበባ ማስቀመጫ የእብነ በረድ ጠረጴዛ ነበር። የቀኝ እጄን አንጓ የመታኝ የእሱ ማዕዘን ነው።

7 ሳምንት በጀሶ ቆየሁ። ዛሬም ብርድ ሲመጣ ይቆረጥመኛል። ካፒቴኑ በጣም አዘነ። ጠረጴዛውም ከዚያ ተነሣ። ግድግዳው ግን እንዳለ ቀረ። መያዣ ቢገጠምበት ላኬሩ ይበላሻል ተባለ።

ከዚያ በኋላ የተቀጠርኩባት ጀልባ አነስ ያለች ነበረች። የመጀመሪያ ቀን ኮሪደሯን ሳይ ደነገጥኩ። ግድግዳው በዋልነት እንጨት የተለበጠ ነው፤ እዚህም ምንም የሚያዝ ነገር አይታይም። ሻንጣዬን እንደያዝኩ በግራ እጄ ግድግዳውን ደገፍ ስል ጣቶቼ ወደ ውስጥ ገቡ። ከወገብ ትንሽ ከፍ ብሎ እንጨቱ ተቦርቡሮ ቦይ ወጥቶለታል። 4 ጣት በደንብ ያስገባል። የቦዩ የላይኛው ከንፈር ድቡልቡል ነው፤ ጣት ሲቆለፍበት አይቆረቁርም። ከፊት ለፊት ካየኸው ቀጭን የጥላ መስመር ብቻ ነው የሚመስለው። በር ጋ ሲደርስ አይቆምም፤ በሩ ላይ አልፎ ይቀጥላል። ሰው ሌሊት ከክፍሉ ወጥቶ ደረጃው እስኪደርስ ጣቱን ሳያነሣ መሄድ ይችላል።

ሌላም ነገር አላት። ይህችን ያገኘኋት ከሳምንታት በኋላ ነው። ደረጃው ሊመጣ አንድ እርምጃ ሲቀረው ቦዩ ውስጥ ትንሽ እብጠት አለች። የምስር ፍሬ ታክላለች። ጣትህ ሲነካት ደረጃ ደረሰ ማለት ነው። ማንም ስለ እሷ አልነገረንም። ፎቶ ላይ አትወጣም። እንጨቱን የሠራው አናጢ ይሁን የሣለው ሰው፣ ማን እንዳሰባት አላውቅም። በሁለት ዓመት ውስጥ ግን ስንት ሌሊት እንዳዳነችኝ እኔ አውቃለሁ። የጀልባ የውስጥ ዲዛይን ማለት ለእኔ ይህቺ ናት።

የቀረውም እንዲሁ ነው። ጥሩ የጀልባ ጠረጴዛ ዙሪያውን ትንሽ ከፍ ያለ ጠርዝ አለው፤ ሳህኑ ሲንሸራተት እዚያ ይቆማል። መሳቢያው ተጭነህ ካልለቀቅከው አይከፈትም። በሩ ክፍት ሆኖ እንዲቆይ ማግኔት ወይም መንጠቆ አለው፤ ካልሆነ ማዕበሉ አንስቶ የሰው ጣት ላይ ይዘጋዋል። ማዕዘን ሁሉ ይድቦለቦላል። ከባድ ዕቃ ከወለሉ ጋር ይታሰራል። አልጋውም ቢሆን ከጀልባዋ ርዝመት ጋር አብሮ ሲተኛ ይሻላል። አግድም ከተኛህ ጀልባዋ ወደ ጎን በተወላወለች ቁጥር ጭንቅላትህ ከእግርህ ዝቅ ይላል። ፎቶ አንሺ ግን አግድሙን ይወዳል። ከአልጋው ሆነህ ባሕሩን በትልቁ መስኮት ስለምታይ።

ከወደብ ከመነሣታችን በፊት የምናደርገውን ብታዩ ጥሩ ነበር። በአንደኛዋ ጀልባ ሳሎኑ ውስጥ ብቻ 38 ጌጣጌጥ ነበር። የአበባ ማስቀመጫ፣ ሐውልት፣ ሻማ መያዣ፣ የዛጎል ሳህን። ዲዛይነሩ እያንዳንዱን መርጦ፣ ቦታውን ለክቶ፣ ፎቶ አንስቶ አልበም ሰጥቶናል። አልበሙን ተከትለን ነው የምንደረድረው። ጉዞ ሲኖር ሁሉንም አንስተን፣ በፎጣ ጠቅልለን፣ አልጋ ላይ በትራስ መሀል እናስተኛቸዋለን። ትናንሾቹን ሙዚየሞች ዕቃ በሚያጣብቁበት ሰም ከመደርደሪያው ጋር እናጣብቃቸዋለን። ለሦስት ሰው የ3 ሰዓት ሥራ ነው። ስንደርስ ደግሞ ሰሙን በጥጥ አንስተን እንደገና እንደረድራለን። እንግዶቹ ከእንቅልፋቸው ሲነቁ ሁሉም ነገር በቦታው ነው። ነገ ጠዋት ሌላ ወሽመጥ ማየት ከፈለጉ ግን በዚያው ሌሊት ሁሉም ነገር እንደገና ይጀመራል።

ሦስተኛዋ ጀልባ ላይ ይህ ሁሉ አልነበረም። ጌጣጌጥ አልጎደላትም። ግን እያንዳንዱ መደርደሪያ ዕቃው የሚቀመጥበት ጎድጓዳ ተቆፍሮለት፣ ጎድጓዳው ቆዳ ለብሶ ነበር። የሴራሚኩ ማሰሮ ታች ላይ ሦስት ጣት ያህል ገብቶ ይቀመጣል። ብርጭቆዎቹም ለየራሳቸው ቤት አላቸው። 40 ደቂቃ ነበር የሚፈጅብን። የተረፈውን ሰዓት ተኝተንበታል። ተኝቶ ያደረ ሰው ደግሞ ጠዋት ለእንግዳው የሚያሳየው ፊት ሌላ ነው።

ስለ ድምፅ ጽሑፋችሁ ምንም አላለም። እኔ ግን ከማንኛውም ጌጥ በፊት የማየው እሱን ነው። የጀልባ ሞተር ብረቱን ያንቀጠቅጠዋል። ብረቱ የነካውን ሁሉ ያንቀጠቅጣል። ለዚህ ነው በጥሩ ጀልባ ውስጥ የእንግዳ ክፍል ግድግዳ ከጀልባዋ ብረት ጋር በቀጥታ የማይገናኘው። ወለሉ በጎማና በድምፅ መምጠጫ ላይ ይንሳፈፋል። ግድግዳውና ጣሪያው በጎማ መያዣ ይንጠለጠላሉ። ሳጥን ውስጥ ያለ ሳጥን ማለት ነው። አንድ ብሎን ተረስቶ ሁለቱን ሳጥኖች ቢያገናኝ ድምፁ በዚያች ብሎን በኩል ይገባል።

አንድ ጊዜ አንዲት እንግዳ «ትክ ትክ የሚል ነገር እንቅልፍ ነሣኝ» አሉን። በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው፤ እንቅልፋቸው ቀላል ነው። ቀን ላይ ገብተን ብንሰማ ምንም የለም። ማታ ሞተሩ የሆነ ፍጥነት ላይ ሲደርስ ብቻ ነው የሚጀምረው። ከመሐንዲሱ ጋር ሆነን 5 ሌሊት ፈለግነው። እሱ ሞተሩን ቀስ እያለ ከፍ ዝቅ ያደርጋል፤ እኔ ወለሉ ላይ በጀርባዬ ተኝቼ አዳምጣለሁ። የመብራት ክዳን አጠበቅን። የመጋረጃ ዘንግ ፈታን። አልጋውን አንቀሳቀስን። በ5ኛው ሌሊት ጆሮዬን ቁም ሳጥኑ ላይ ስለጥፍ አገኘሁት። ለጌጥ ተብሎ በሩ ላይ የተሰካ ትንሽ የነሐስ ቁልፍ ነው። ጫፉ ላይ የሐር ዘለላ ተንጠልጥሏል። ቁልፉ ምንም አይቆልፍም። ከቀዳዳው ጠርዝ ጋር በወረቀት ውፍረት ያህል ክፍተት ነበረው። ጥፍሬን የምታክል የሱፍ ጨርቅ ቆርጬ ከውስጥ ለጠፍኩበት። ዝም አለ። እኚያ ሴት በማግሥቱ ቁርስ ላይ እጄን ይዘው አመሰገኑኝ። እስከ ረፋዱ ድረስ ተኝተው ነበር።

እብነ በረዱን በተመለከተ ግን አንድ ነገር ላርም። ጽሑፋችሁ «ቶን የሚመዝን ድንጋይ» ብሏል። በደንብ በተሠራ ጀልባ ውስጥ እንደዚያ አይደለም። ድንጋዩ ጥቂት ሚሊሜትር እስኪሆን ድረስ በስሱ ይቆረጥና የማር እንጀራ በመሰለ የአሉሚኒየም ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። እንጨቱም ስስ ልባስ ነው፤ ከሥሩ ቀላል ሰሌዳ አለ። ይህ የማታለል ሥራ አይደለም። ክብደት ላይኛው ደርብ ላይ በበዛ ቁጥር ጀልባዋ ጭንቅላቷ ይከብዳታል፣ ስትጋደል ቶሎ አትመለስም። በጥሩ የጀልባ መገንቢያ እያንዳንዱ በርና ወንበር ተመዝኖ ይመዘገባል። ይህን ብትጽፉት ኖሮ አንባቢ ከወርቁ ይልቅ ይደነቅበት ነበር። የክፍሎቹ ቁጥርም እንዲሁ ምክንያት አለው። በዓለም አቀፍ ሕግ ከ12 መንገደኛ በላይ የምትይዝ መርከብ የመንገደኛ መርከብ ትባላለች፤ ግዴታዋ ይከብዳል። ብዙዎቹ ቅንጡ ጀልባዎች 5 ወይም 6 የእንግዳ ክፍል ብቻ ያላቸው ለዚህ ነው። ቦታ አጥተው አይደለም።

አሁን ወደ ወርቁ ቧንቧ ልምጣ። በወርቅ የተለበጠ ቧንቧ ላይ ያለው ወርቅ ከሰው ፀጉር እጅግ የሳሳ ነው። ሳይነገራት የመጣች አዲስ ልጅ በብረት ማጽጃ ብትፈትገው በአንድ ወቅት ውስጥ ከሥሩ ያለው ብረት ይወጣል። ስለዚህ ለብ ባለ ውሃ በረጠበ ለስላሳ ጨርቅ፣ ከዚያ ወዲያው በደረቅ ጨርቅ ነው የሚጠረገው። ሰው በተጠቀመበት ቁጥር። እንግዳው እጁን ታጥቦ ሲወጣ እኛ እንገባለን። እብነ በረድ ላይ የሎሚ ጠብታ ቢያድር ድንጋዩን ይበላዋል፤ ያቺ ነጠብጣብ በመወልወል አትሄድም። ከገለባ የተሠራ የግድግዳ ጌጥ እርጥብ ጨርቅ አይወድም። ሐር ፀሐይ ያገረጣዋል። የባሕር አየር ደግሞ ጨው አለበት፤ ጨው የትም ይገባል። የክሪስታል መብራቱን እያንዳንዷን ዘለላ ፈትቼ አጥቤ መልሼ ሰቅያለሁ። 212 ዘለላዎች ናቸው። ቁጥሩን የማውቀው በየጊዜው ስለምቆጥራቸው ነው፤ አንዷ ከጎደለች አንድ ሰው እግር ሥር ወድቃለች ማለት ነው።

ይህን የምለው ለማማረር አይደለም። ሥራዬን እወደዋለሁ። የሚያምር ነገር መንከባከብ ደስ ይለኛል። ነገር ግን የሚሥለው ሰው ማን እንደሚያጸዳው፣ በምን እንደሚያጸዳው፣ እጁ እንዴት እንደሚደርስ አስቦ ሲሥል ዕቃው ዕድሜ ይኖረዋል። ሳያስብ ሲሥል በ3ኛው ዓመት ይቀደዳል፣ ይገረጣል፣ ይነሣል። ያን ሁሉ ድንጋይና እንጨት ከተራራና ከጫካ ያመጣነው ለ3 ዓመት ፎቶ ከሆነ ያሳዝናል። በተለይ ቲክ የሚባለው እንጨት። ቲክ ለማደግ አሥርት ዓመታት ይፈጅበታል። ከማያንማር የሚወጣውን ቲክ መግዛት ተገቢ ነው ወይ የሚለው ክርክርም ገና አላለቀም።

በ11 ዓመት ውስጥ ጥያቄ የጠየቀችኝ ዲዛይነር አንዲት ብቻ ናት። ባለቤቱ አዲስ ጀልባ ሊያሠራ ነው፤ እሷ አሮጌዋን ልታይ መጣች። ሳሎኑን አየች፣ መኝታ ቤቶቹን አየች። ከዚያ «ልብስ የምታጥቡበትን አሳዪኝ» አለችኝ። ወሰድኳት። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ መስኮት የለውም። ወለሉ ላይ ሜትሯን ይዛ ተቀመጠች። እየሠራሁ እንድቀጥል ነገረችኝ። ግማሽ ሰዓት ያህል ዝም ብላ አየችኝ።

«ካውያውን የት ነው የምታሳርፊው?» አለች።

«ወለሉ ላይ፣ በእግሮቼ መሀል» አልኳት። ሌላ ቦታ አልነበረም። ጀልባዋ ስትወዛወዝ ከጠረጴዛው ይወድቃል።

ጻፈችው። ቀጥላ በቀን ስንት ጊዜ እንደማጎነብስ ጠየቀችኝ። አላውቅም ነበር። በማግሥቱ ቆጠርኩላት፤ እስከ ምሽት 94 ጊዜ ሆነ። ልብስ ማጠቢያ ማሽኖቹ ወለል ላይ ስለሆኑ ነው።

አዲሷ ጀልባ ስትመጣ ያንን ክፍል ከፍቼ ገባሁ። ማሽኖቹ ከጉልበቴ በላይ ተነሥተዋል። ከመተኮሻው ጠረጴዛ ቀኝ በኩል ለካውያው ከማይዝግ ብረት የተሠራ፣ ጠርዙ ከፍ ያለ ማሳረፊያ አለ። የልብስ መስቀያው ዘንግ ደግሞ እንደ መጋዝ ጥርስ ወጥቶለታል። ጀልባዋ ብትጋደል መስቀያዎቹ አንድ ላይ ሄደው አይከመሩም፤ የተተኮሰው ሸሚዝ እንደተተኮሰ ያድራል። ቆሜ አለቀስኩ። የዚያች ሴት ሥራ ከሳሎኑ ቢጀመር ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር። የጀመረችው ከታች ነው።

ስለ ታች ካነሣሁ፣ ጽሑፋችሁ ላይ ካሉት ፎቶዎች አንዱም የሠራተኛ ክፍል አያሳይም። እኛ የምንተኛው አብዛኛውን ጊዜ ከታች፣ ወደ ፊት በኩል ነው። ማዕበል ሲመጣ ከፍ ዝቅ የሚለው ያ ቦታ ነው። ለሁለት አንድ ክፍል፣ አልጋ በአልጋ ላይ። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የባሕር ሠራተኞች ስምምነት በ2013 ሥራ ላይ ውሏል። ለንግድ የሚሠሩ ጀልባዎችንም ይነካል። አልጋ ቢያንስ 198 በ80 ሴንቲ ሜትር ይሁን ይላል። ጣሪያው ከ203 ሴንቲ ሜትር አይነስ ይላል። ከ3,000 ግሮስ ቶኔጅ (የመርከብ ይዘት መለኪያ ነው) በታች በሆነ መርከብ የአንድ ሰው ክፍል ቢያንስ 4.5 ካሬ ሜትር ይሁን ይላል። በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 10 ሰዓት ዕረፍትም ይደነግጋል። ጥሩ ሕግ ነው። ሕጉ ከመምጣቱ በፊት በተሠራች ጀልባ ላይ ተኝቻለሁ፤ ከመጣም በኋላ በተሠራች። ልዩነቱን ጀርባዬ ያውቀዋል። የእንግዳው ልብስ መቀየሪያ ክፍል ብቻ ከእኛ ክፍል በሦስት እጥፍ የሚበልጥባት ጀልባ ግን ዛሬም አለች።

በዕረፍቴ ጊዜ አንድ ጀልባ ለማየት ሄጄ ነበር። ብሪታኒያ የምትባለዋን የእንግሊዝ ነገሥታት ጀልባ። እ.ኤ.አ. በ1953 ውሃ ላይ ወርዳ እስከ 1997 ያገለገለች ናት። አሁን ስኮትላንድ ውስጥ፣ ኤድንብራ አጠገብ ሊዝ ወደብ ቆማለች፤ ማንም ከፍሎ ይገባል። የንግሥት ኤልሳቤጥን ክፍሎች የሠሩት ሂዩ ካሰን የሚባሉ አርክቴክት ናቸው። ስገባ ጸጥ አልኩ። ነጭ ግድግዳ፣ አበባ ያለበት ጨርቅ የለበሱ ሶፋዎች፣ ቀለል ያለ ምንጣፍ። የንግሥቲቱ አልጋ የአንድ ሰው አልጋ ነው። የባለጸጋ ቤት ዕቃ የሞላበት ሳይሆን ሰው የሚያርፍበት ቤት ይመስላል። መርከበኞቹ በክፍሎቹ አጠገብ ጩኸት እንዳይኖር ለስላሳ ሶል ያለው ጫማ ያደርጉ ነበር፤ ትእዛዝም በእጅ ምልክት ነበር የሚተላለፈው።

ከዚያ ወደ ታች ወረድኩ። እነዚያ መርከበኞች እስከ 1973 ድረስ የሚተኙት በተንጠለጠለ የሸራ አልጋ ነበር። 20 ዓመት ያህል ማለት ነው። በዚያች በምታምር፣ ልከኛ በሆነች ጀልባ ላይ። ከላይ ልኩን ያወቀ ዲዛይን ታች ሲደርስ ረሳ። ደረጃው ላይ ቆሜ ረጅም ሰዓት አሰብኩበት።

እ.ኤ.አ. በ1980 የተጠናቀቀችውን፣ ናቢላ የተባለችውን የ86 ሜትር ጀልባ ውጭዋን የሣለው ጆን ባነንበርግ ጀልባን ውጭዋንና ውስጧን እንደ አንድ ሥራ አድርጎ በማየት ይታወቃል። ከእሱ በኋላ የመጡት ብዙዎች መንገዱን ተከትለዋል። ደስ ይለኛል። ግን ውስጥ ሲባል የሠራተኛውም ውስጥ፣ የማጠቢያውም ውስጥ፣ የምግብ ማቅረቢያዋ ጠባብ ክፍልም ውስጥ ነው።

የምለምናችሁ ይህን ነው። በሚቀጥለው ስትጽፉ የጀልባዋን ፕላን ጠይቁ። ሁሉንም ደርብ፣ ታችኛውን ጨምሮ። ዲዛይነሩን ስታናግሩ ባሕር ላይ ስንት ሌሊት እንዳደረ ጠይቁት። ኮሪደሩን በፎቶ ስታዩ የሚያዝ ነገር ፈልጉ። የውስጥ ሠራተኞቹንም አናግሩ። ስማችን ባይጻፍም እንናገራለን። ስንቶቻችን እንደምንወድቅ፣ ስንቶቻችን ጀርባችንን እንደታመምን፣ የትኛዋ ጀልባ ላይ ደግሞ እንደገና መሥራት እንደምንመኝ እንነግራችኋለን።

ፎቶ ልልክላችሁ አልችልም፤ ጀልባዎቹ ላይ ማንሣት አይፈቀድልንም ነበር። ስለዚህ ያንን የዋልነት ቦይ ከማስታወሴ በእርሳስ ሥዬ ከደብዳቤው ጋር አያይዣለሁ። ከወለሉ 95 ሴንቲ ሜትር ይርቃል። ጥልቀቱ 3 ሴንቲ ሜትር ነው። የላይኛውን ከንፈር ለብቻው አጉልቼ ሥዬዋለሁ፤ ድቡልቡልነቱ እንዲታይ። ደረጃው ከመድረሱ በፊት ያለችውን እብጠት በቀይ አክብቤያታለሁ። ቦታ ካላችሁ አትሙት።

አክባሪያችሁ፣
የጀልባ የውስጥ ሠራተኞች አለቃ የነበርኩ አንባቢያችሁ